ቃሬዛ በሰልፍ እርምጃ

ንፋስ መውጫ
ግንቦት 4 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ መቶ አለቃ ሥዩም
የድልድይ ጠባቂው ሚሊሺያ አሠልጣኝ

ጉዳዩ፦ በጦርነት ጊዜ ዋና ተብለው ስለተመረጡ ተግባራት የተሰማንን ምስጋና ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ቦት ጫማዎ ሁልጊዜ እንደተወለወለ እንዲሰነብት፣ የከተማችን ነፋስም ኮፍያዎን ሳይደፍር በጎን እንዲያልፍ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ ደኅንነት ለመስማት ጊዜ ካገኙ፣ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ከብቶቻችን ደኅና ናቸው፣ የዘር ገብሳችን ነቀዝ አልነካውም፣ የባለቤቴም እግር ወደ ቦታው ተመልሶልናል።

እኔ ተዋበች ወልደማርያም እባላለሁ። አባቴ መሪጌታ ወልደማርያም በቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ያረፉ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት የተቀበልሁ፣ ዛሬ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ የሆንሁ ነኝ። እርስዎ ግን ይበልጥ የሚያውቁኝ የዋሴ ሚስት በመሆኔ ነው። ዋሴ ማለት በመጋቢት ወር እንግዶች በመጡ ዕለት፣ ከሰው ግንብ ጫፍ ላይ ነፋስ የወሰደው ሚሊሺያ ነው።

ይህን ደብዳቤ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ የለጠፍሁት ከድፍረት የተነሣ አይደለም። ሰሌዳውን ያስቸነከሩት እርስዎ ነዎት፤ ከላዩም «ገንቢ ሂስ እዚህ ይለጠፋል» የሚለውን በቀይ ቀለም ያስጻፉት እርስዎ ነዎት። ከተቸነከረ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ሳይለጥፍበት በመቆየቱ፣ በአጠገቡ ባለፍሁ ቁጥር ተጠርቶ ሰው እንደቀረበት የሠርግ ዳስ ሆዴን ያባባው ነበር። እንግዲህ ብዕሬን ያነሣሁት ሰሌዳው እንዳያፍር ብዬ ነው። ሂሴ ገንቢ ለመሆኑም ማረጋገጫ አለኝ፤ ሚስማሩን ይዤ የመጣሁት ከቤቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በጥር ወር ይዘውልን የመጡትን አዲስ ዘዴ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በዚያን ቀን ሚሊሺያውን ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ሰብስበው፣ ሴቶችም ከኋላ እንድንቀመጥ ፈቅደው፣ ጦር ሁሉንም ነገር ልማር ቢል አንዱንም ሳይማር እንደሚቀር አስረዱን። ስለዚህ አንድ ክፍል በመጀመሪያ ጦርነት ሲመጣ የሚሰጠው ግዳጅ ምን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ቀጥሎ ያ ግዳጅ ያለ እነርሱ የማይሳካባቸውን ጥቂት ተግባራት ይምረጥ፣ ከዚያም ያለውን ጊዜና ጉልበት ሁሉ በእነርሱ ላይ ያውል፣ ሌላው ይቅርበት አሉን። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ብልኅ ነገር ከሹም አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ስል አልቀለድሁም። አባቴም ተማሪያቸውን ለልደት ማኅሌት ሲያዘጋጁ የልደቱን ያስጠኑት ነበር እንጂ የሆሳዕናውን አያስጠኑትም ነበርና፣ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ግዳጁንም ግልጽ አድርገው ነገሩን። ወደ ስማዳ በሚወርደው መንገድ፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ድልድይ መጠበቅ ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት፣ የሐዋርያት ጾም በሚገባበት ሰኞ፣ ሚሊሺያው ወደዚያ ወርዶ ክረምቱን እዚያው ያሳልፋል። ጠላት ቢመጣ ድልድዩን ይዞ ይቆያል፤ ሰው ቢቆስል በክረምት መኪና ስለማይወርድ አቀበቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ያወጣዋል። ይኸው ነው። ባለቤቴ ዋሴ፣ ወንድሜ ፈንታ፣ አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ቢሻው፣ ሁሉም ከሚወርዱት ውስጥ ናቸው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስስቅ ቢያገኙኝ፣ ሳቄ ፍርሃት ስለሌለብኝ እንዳልሆነ አስቀድመው እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

ተግባራቱን እናንተው ምረጡ ባሉን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ፈንታ ተነሥቶ፣ ከመካከላችን ጠመንጃ የተሸከመ እንጂ የተኮሰ ጥቂት ስለሆነ፣ ዋናው ተግባር አነጣጥሮ መተኮስ ይሁን አለ። ቢሻው፣ በሰኔና በሐምሌ ገደሉን ጉም ሲሞላው ሰው የገዛ እጁን እንኳ ስለማያይ፣ በጉም ውስጥ ወዳጅን ከጠላት መለየት እንልመድ አለ። ወልደ ጊዮርጊስ የተባለው፣ ቀድሞ ዲያቆን የነበረው ሚሊሺያ፣ ቁስለኛ ተሸክሞ አቀበት መውጣት ከሁሉ ይቀድማል አለ። እርስዎም ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ በጣም ጥሩ ሐሳቦች ናቸው፣ ሆኖም ዝርዝር ስለሆኑ ወደፊት ይታያሉ ብለው፣ ዋና ዋናዎቹን ተግባራት ከደረት ኪስዎ አወጡልን።

መምረጫው ምን እንደነበረ ያን ዕለት አልገባንም። የገባን ዘግይቶ፣ በመጋቢት ከበላይ አካል እንግዶች እንደሚመጡ በተነገረን ጊዜ ነው። ዋና ተግባር ማለት እንግዳ ቆሞ ሊያየው የሚችል ተግባር ማለት ነበር። በጉም ውስጥ የሚሠራ ሥራ ደግሞ፣ ጥፋቱ የጉሙ እንጂ የቢሻው ባይሆንም፣ ለእንግዳ አይታይም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ አንዳንዱ ረዘም ቢል የሥራዎ ብዛት ያመጣው ስለሆነ አይፍረዱብኝ።

1ኛ/ አንገትን ወደ ቀኝ ስለማዞር። ከጥር እስከ መጋቢት ሚሊሺያው በመድረኩ ፊት እያለፈ አንገቱን ወደ ቀኝ ማዞርን ከሥር ከመሠረቱ ተምሯል። ትምህርቱ ምን ያህል እንደሠረጸ ለማየት ከፈለጉ ባለቤቴን እርሻ ላይ ይጎብኙት፤ ከትልሙ ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን ሲመልስ አንገቱ ብቻውን ወደ ቀኝ ይዞራል፣ በሬዎቹም ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። ጠላት በቀኝ በኩል ከመጣ ሳይታይ እንደማያልፍ እርግጠኛ ነኝ። በግራ በኩል ቢመጣ ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ መድረኩ በግራ ስላልነበረ አልተለማመድነውም።

2ኛ/ ስለ ድንጋዮቹና ስለ እልልታው። የሴቶች ማኅበርም ዋና የጦርነት ጊዜ ተግባር እንዳይቀርበት አስበው፣ ከአውራ መንገዱ እስከ መጋዘኑ ያሉትን ድንጋዮች በኖራ እንድንቀባ፣ እንግዶቹ ሲገቡም ሲወጡም እልል እንድንል ወስነውልናል። ድንጋዮቹ በጨረቃ ብርሃን ሳይቀር ወለል ብለው ስለሚታዩ፣ ወዳጅም ሆነ ጠላት ወደ መጋዘኑ የሚወስደው መንገድ ፈጽሞ አይጠፋበትም። እልልታውን በተመለከተ ግን አንድ ቅሬታ ነበረኝ፤ እልልታ ከእናቶቻችን ሆድ ይዘነው የወጣነው ነገር ስለሆነ፣ በፊሽካ እየተጀመረ በፊሽካ ሲቋረጥ ጉሮሮ ውስጥ እንደ አጥንት እየተሰነቀረ አስቸግሮን ነበር። አሁን ለምደነዋል፤ በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ፊሽካ እስኪነፋ ስንጠብቅ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ቀረ።

3ኛ/ ስለ ጠመንጃዎቹ ውበት። ጠመንጃዎቹ ለእንግዳ ዐይን እንዲያበሩ ቫርኒሽ መቀባታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ እንደ አዲስ የሠርግ አልጋ ነው ያበሩት። ከእንግዶቹ በኋላ የባለቤቴን ምንሽር ልወለውል አንሥቼ ብሞክረው አልከፈት አለኝ። ለካ ቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ብረቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። በላምባና በጨርቅ ስታገለው ውዬ ከፈትሁት። ጎረቤቶቼ ይህን ሰምተው የየባሎቻቸውን ቢሞክሩ አብዛኛው እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ይህ ጉድለት እስከዚያ ድረስ ሳይታወቅ የቆየው በማንም ስንፍና አይደለም፤ ጠመንጃ መክፈት ከዋና ተግባራት ውስጥ ስላልነበረ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥይቱም ቢሆን ከእንግዶቹ በፊት ባክኖ እንዳያሳፍረን ብለው መጋዘን ውስጥ ስለቆለፉበት፣ በሰላም ተኝቶ እስካሁን አለ።

4ኛ/ ስለ ሰው ግንብና ስለ ቃሬዛው። ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስሁ፤ እባክዎ ካልተቀመጡ ይቀመጡ።

የመጋቢቱ እንግዶች በነጭ መኪና መጡ። ነፋሱ ያን ዕለት እንደ ልማዱ ከገደሉ በኩል አቧራውን ይዞ እየወጣ ስለነበር፣ ከመኪናው መውረድ አልተመቻቸውም፤ ትርኢቱን ሁሉ በተዘጋ መስኮት ነው ያዩት። ሚሊሺያው አንገቱን ለመስታወት አዞረ፣ እኛም ለመስታወት እልል አልን። ቀጥሎ የሰው ግንብ ሆነ። ደንዳኖቹ ከታች ቆሙ፣ በእነርሱ ትከሻ ላይ ሌሎች ወጡ፣ ከሁሉም በላይ ቀለል ያለው ባለቤቴ ዋሴ ወጥቶ በሁለት እንጨት የተወጠረውን ትልቁን ጨርቅ ዘረጋ። «ሁልጊዜም ዝግጁ ነን» ይላል ጨርቁ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰፋሁት ጊዜም የዚህ አገር ነፋስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚያውቀኝና ስለማውቀው፣ ነፋስ ማሳለፊያ ቀዳዳ እዚህም እዚያም ላብጅለት ብዬ በትሕትና አመልክቼ ነበር። ቀዳዳው ፊደል ላይ ስለሚያርፍ መፈክሩን ያበላሻል ተባልሁ። እውነት ነው፤ መፈክሩ እስከ መጨረሻው አልተበላሸም።

ነፋሱ መጣ፣ ጨርቁ ተነፋ፣ ዋሴም ከግንቡ ላይ ተነሣ። ጨርቁን ቢለቀው ኖሮ እንደ ሰው ይወርድ ነበር። ነገር ግን መፈክር ከእጅ የሚወጣው ከነፍስ ጋር ነው ተብሎ የሠለጠነ ሰው ስለሆነ አልለቀቀም። ጨርቁ ራሱ ከዋሴ ጋር መሄድ እስኪሰለቸው ድረስ ወሰደውና፣ ኖራ ከቀባናቸው ድንጋዮች መካከል አስቀመጠው። ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። እኔ ከሴቶቹ ተርታ ወጥቼ ልሮጥ ስል፣ አጠገቤ ያለችው እመት ይታይሽ ቀሚሴን ይዛ ባታስቀረኝ ኖሮ፣ የእልልታውን ሰልፍ አፍርሼ ትርኢቱን ባበላሸሁብዎ ነበር።

እርስዎ ግን ጨርሶ አልተደናገጡም። እንግዶቹ ገና እንዳልሄዱ አይተው፣ ወዲያው ፊሽካ ነፍተው፣ ቀጣዩ ትርኢት ቁስለኛ ማንሣት ነው ብለው አስነገሩ። ይህን ፈጣን አስተሳሰብዎን እስከ ዛሬ እናወራዋለን። ቃሬዛው መጣ፣ ዋሴ ተጫነ፣ አራት ሰው ተሸከመ፤ በመኪናው ፊት፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያሉ፣ ጉልበታቸውን እስከ ወገባቸው እያነሡ፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው አለፉ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የከተማ ልጅ ስለሆኑ ምናልባት አልገጠመዎትም ይሆናል እንጂ፣ በእኛ አገር በሽተኛ የሚሸከም ሰው ከጓደኛው ጋር እኩል አይረግጥም። አንዱ ቀኝ ሲያነሣ ሌላው ግራ እያነሣ፣ እግር እያፋለሱ ነው የሚሄዱት፤ አለዚያ አራቱም በአንድ እግር ሲረግጡ ቃሬዛው አብሮ ይዘልላል፣ የተኛውም ሰው አብሮ ይዘልላል። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም። በሽተኛ ሲያልፍ ያየ ገበሬ ሞፈሩን ጥሎ ሮጦ ትከሻውን ያስገባል፣ የደከመውም ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ይወጣል፤ አቀበት የሚያወጣን ይኸው ነው። በእርስዎ ሥልጠና ግን ቅያሪው በፊሽካ ስለሆነ፣ በየመቶ ሜትሩ ዋሴ መሬት እየወረደ፣ ተቀባዩና አስረካቢው ሰላምታ እየተሰጣጡ፣ እንደገና ይነሣ ነበር። እያንዳንዱን ሰላምታ በወለቀ እግሩ ነው የተቀበለው።

እንግዶቹ ደስ አላቸው። መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አድርገው እንዳጨበጨቡ እኔም ምስክር ነኝ። ሚሊሺያዎቹም ምስኪኖች፣ ሠልጥነውበታልና፣ መኪናው ከሄደ በኋላ እንኳ እግራቸው እምቢ አላቸው፤ ወደ ወጌሻ ጣሰው ቤት በሚያወጣው መንገድ ሁሉ ግራ ቀኝ እያሉ ይዘውት ሄዱ። በመጨረሻ ዋሴ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርገው ባለቤቴ፣ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ እንዲህ አላቸው፦

«ወንድሞቼ፣ ወይ እግራችሁን አፋልሱ፣ ወይ እኔን አውርዱኝና በእንብርክኬ ልሂድ።»

ያን ጊዜ ሁሉም ቆሙ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ፈንታ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዋሴም ከነሕመሙ ሳቀ። እግራቸውን አፋልሰው የቀረውን መንገድ እንደ አባቶቻቸው ወሰዱት። ጣሰው እግሩን አሽቶ፣ ስቦ፣ ወደ ቦታው መልሶ ሲያስር፣ ይህ ሰው ከምን ላይ ወደቀ ብሎ ጠየቀኝ። ከሥልጠና ላይ አልሁት።

5ኛ/ ስለ ምስጋናው ደብዳቤ። እንግዶቹ ከተመለሱ በኋላ የላኩት ደብዳቤ በስብሰባ ላይ ሲነበብ፣ ቁስለኛ ሆኖ የቀረበው ጓድ ሲያቃስት ያሳየው ትወና እጅግ ተፈጥሯዊ እንደነበር በተለይ ተመስግኗል። ባለቤቴ ለዚህ አክብሮት ያለውን ምስጋና እንዳደርስለት አዝዞኛል፤ በሚቀጥለው ትርኢት ደግሞ ጤነኛ ሰው ሆኖ እንዲሠራ ዕድል ቢሰጠው እንደሚወድ ያመለክታል። ደብዳቤው በተነበበ ማግስት፣ ቁስለኛ ማንሣት በሚገባ የተጠናቀቀ ተግባር ነው ተብሎ ቃሬዛው መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት። ከጥይቱ ጋር አንድ ላይ ነው ያለው፤ እርስ በርሳቸው እየተጽናኑ ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ልመና ነው።

ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ቀርቶታል። ወደ ድልድዩ የሚወርዱት ሰዎች ሁሉም እዚያ ድልድይ ላይ አህያ እየነዱ ወደ ገበያ አልፈዋል፤ ጠባቂ ሆኖ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያየው የለም። አብዛኞቹ አንድ ጥይት አልተኮሱም። ጉሙ ከመጣ፣ ቢሻው ፈንታን በምን ያውቀዋል? ማታ ማታ እቤቴ ቁጭ ብዬ ባለቤቴ ያንን ወልቆ የነበረ እግሩን እሳት ዳር ዘርግቶ ሲተኛ አየውና፣ ይህ ሰው እዚያ ታች ቢመታ፣ ያ ሁሉ አቀበት ግራ ቀኝ እየተባለ ነው የሚወጣው እላለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ቀን አልስቅም። እወደዋለሁ፤ ይህን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ያሳፍር እንደሆነ አላውቅም፣ ሂስ ግልጽ ይሁን ተብሏልና ጽፌዋለሁ።

የሴቶች ማኅበራችን ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ ነበር። ዘዴዎ እንደዚያ ደስ ብሎን ስለነበረ፣ እኛም በእርሱ እንጠቀም ተባባልን፤ ጦርነት ሲመጣ የእኛ ግዳጅ ምንድን ነው፣ ያለ እርሱስ የማይሆነው ተግባር የትኛው ነው ብለን እንደ ትምህርትዎ ጠየቅን። አንዷ ስንቅ አለች፣ አንዷ እርሻውን መያዝ አለች። ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው እመት ይታይሽ፣ ቀደም ሲል የሁለት ልጆቿን መርዶ የሰማች ሴት ናት፣ ከሁሉም በመጨረሻ ተናገረች።

«በዚህ አያያዝ የእኛ ግዳጅ ለቅሶ ነው» አለች። «እሱን ደግሞ ማንም ሊያሠለጥነን አይችልም።»

እኔም የማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆኔ መጠን ሐሳብ አቀረብሁ። ዋና ተግባር ማለት ገና ያልተቻለ፣ ስለዚህም ልምምድ የሚያስፈልገው ነገር ከሆነ፣ ለቅሶን እኛ ከበቂ በላይ ስለምንችለው ከዝርዝሩ ይሰረዝ አልሁ። በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። በምትኩ ቁስለኛ ተሸክሞ አቀበት ማውጣት ተመረጠ፤ ገደሉ የእኛ ነው፣ የምንሸከማቸውም የእኛ ናቸው። መጋዘን ያለው ቃሬዛ ስለተቆለፈበት፣ ከባሕር ዛፍና ከጠፍር የራሳችንን ሠራን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራችንን እያፋለስን ዳገቱን በመውጣት ላይ እንገኛለን። እንደ ቁስለኛ የምንጭነው ጆንያ ድንች ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አጭር ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪስዎ ያውጡልን፤ ተግባራቱን ካወጡበት ከዚያው ኪስ ነው። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ጠመንጃው ጥቂት ጥይት ይተኩስ። አንድ ማለዳ ሚሊሺያውን ይዘው ወደ ድልድዩ ይውረዱ፣ ቢሻው ስለ ጉም የሚለውን እዚያው ላይ ቆመው ያዳምጡት። ቃሬዛውን ለሰዎቹ ይመልሱላቸው፣ በሚያውቁት እግርም ይሂዱ። ይህ ከሆነ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሲወርዱ፣ ያለ ፊሽካ፣ ከሆዳችን እልል ብለን እንሸኛቸዋለን፤ ጥሩ አሠልጣኝ አገኘን ብለንም ለአገር ሁሉ እናወራለን፣ ይህንንም ደብዳቤ ሚስማሩ ሳይዝግ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።

በጥር ወር ለተናገሩት ቃል ከእርስዎ ይልቅ ታማኝ ሆና የቀረችው፣ ለክብርዎ አንገቷን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዙራ እጅ የምትነሣው፣

ተዋበች ወልደማርያም
የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ
የመልካሙ ተዋናይ የዋሴ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለወጌሻ ጣሰው፣ ክረምቱን ከቤቱ እንዳይርቅ
ለንፋስ መውጫ ነፋስ፣ እንዲያውቀው

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ከላይ ስለ ጆንያው የጻፍሁት አንድ ችግር እንዳለበት መግለጽ ዘንግቼ ነበር። ድንች ሲንገላታ አያቃስትም፤ ስለዚህ አረማመዳችን መልካም ይሁን መጥፎ ከእርሱ ማወቅ አልቻልንም። ባለቤቴን ብንጠይቀው በሕይወቱ ሁለተኛ ቃሬዛ ላይ እንደማይወጣ ምሎ ነገረን። ማኅበሩ በመከረበት ጊዜ፣ ክብደትዎም ሆነ ድምፅዎ ለዚህ ልምምድ እጅግ ተስማሚ ሆኖ ስላገኘው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁስለኛ ሆነው እንዲተኙልን በአክብሮት ይጋብዝዎታል። እኛ የምንወስድዎ እግር አፋልሰን ነው፤ የሰልፉን እርምጃ ከመረጡ ግን እባክዎ እስከ ዓርብ ድረስ ያስታውቁን፣ ጣሰውን አስቀድመን እናስጠራዋለን።